አልፈዋል

ረምዚያ ከመልእክቱ ግርጌ «መልካም ጉዞ» የሚል ቃል መኖሩን ያየችው ድንኳኑ ከተተከለ በኋላ ነው። ቀደም ብላ አይታው ቢሆን ኖሮ የቅሬው፣ የሰፈሩ እድር፣ ለፋፊ ፈንታው ከሰፈር ሰፈር እየዞረ ጉሮሮውን ባልሰነጠቀ፣ ጎረቤቷ አልታዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ደረቷን ባልደቃች፣ ባለ ሱቁ ሱቁን ባለ ወፍጮው ወፍጮውን ዘግቶ ባልመጣ ነበር። ግን መርዶን እስከ ግርጌው የሚያነብ ማን አለ?

ነገሩ የጀመረው ጠዋት በዝምታ ነው። ባሏ ይማም ከመካነ ሰላም ወግዲ የሚመላለስ ሚኒባስ አለው። አሥራ አምስት ዓመት ሲነዳ፣ ረምዚያ ደጃፍ ድረስ ሸኝታ «አላህ ያግባህ» ሳትለው የወጣበት ቀን አልነበረም። ይህን የምትለው ለወጉ ያህል አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ ሬዲዮ የምትሰማ፣ የልጆቿን ደብተር ቁጭ ብላ የምታይ ሴት ብትሆንም ልቧ ሁልጊዜ ክፉውን ቀድሞ ነው የሚያየው። ልጅ ሲያስነጥስ ሳንባ፣ በር ሲንኳኳ ፖሊስ፣ ሰማይ ሲጠቁር በረዶ። ይማም «የኛ ቤት የአየር ትንበያ» ይላታል። ያችን ቃል ካላለች መኪናው የወግዲን ቁልቁለት በደህና የሚወርድ አይመስላትም። የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ጀርባዋን ሰጥታ የልጆቹን ዩኒፎርም መዘፍዘፏን ቀጠለች። እሱም ቁልፉን ሁለቴ አንቃጨለ፣ «እንግዲህ ሄድኩ» አለ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ሄደ።

ያስኮረፋት የታርጋ ነገር ነው። በወግዲ መውጫ፣ ከከተማው ዳር፣ ያለው ኬላ ድሮ አንድ ገመድና አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ነበር፤ እህል የጫነ ከፍሎ ያልፋል፣ ያልጫነ ሰላም ብሎ ያልፋል። ከወር በፊት፣ ምርጫው ሊደርስ ዓመት ሲቀረው፣ ሁሉም ነገር ዘመናዊ ይሁን በሚባልበት ሰሞን፣ «ማለፊያ» የሚባል ድርጅት ኬላውን በጨረታ ወሰደና ኤሌክትሮኒክ አደረገው ተባለ። ኤሌክትሮኒክ ማለት ገመዱ ያው ገመድ ሆኖ፣ ከጎኑ በቆመች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ የምታህል ማሽን መቀመጧ ነው። የመኪናው ታርጋ ማሽኗ ላይ ይጻፋል። ባለመኪናው ካርድ ካለው ከካርዱ ትቆርጣለች፤ ለሚኒባስ በአንድ ማለፍ አሥር ብር፣ ለባጃጅ አምስት። ካርድ ከሌለው «ጢጥ ጢጥ ጢጥ» ትላለች፤ ያን ጊዜ ታርጋው በካቻቢቴ ይፈታና የቆርቆሮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ወፍጮው ከኬላው ወዲያ፣ ጤና ጣቢያው ከኬላው ወዲህ ስለሆነ ማሽኗ ቀኑን ሙሉ ሥራ አትፈታም። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት ያመጣ ባጃጅ ሲገባም ሲወጣም ተቆርጦበታል። «ደግነቱ ሕፃኑን ለብቻው አላስከፈሉትም» እያለ አገሩ ሁሉ ሲስቅና ሲናደድ ሰነበተ።

ይማም ካርድ አላወጣም ካሉት ሹፌሮች ዋናው ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኬላውን ሸሽቶ በእርሻ ዳር በሚወስደው በድሮው መንገድ እየዞረ ነው የሚሠራው። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ታርጋዬን ከሚፈቱብኝ ሚስቴን ብፈታ ይሻለኛል» አለ። ቃሉ ከሻይ ቤቱ እስከ ረምዚያ ጓዳ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም፤ መንገድ ላይም ጭማሪ እንጂ ቅናሽ አላገኘውም።

ይባስ ብሎ ማሽኗ ላይ የተቀመጠው የይማም ታናሽ ወንድም ሰዲቅ ነው። ሰዲቅ ኮምፒውተር ተምሮ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ያበላው ይማም ነበር፤ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሲመጣ ግን ሥራው የወንድሙ ገመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በዒድ ቀን እንኳ የአንድ እናት ልጆች አንድ ገበታ ቀርበው፣ በርበሬውን የተቀባበሉት መሀል በተቀመጠችው በረምዚያ ልጅ በሀይፋ በኩል ነው። ረምዚያ ያን ዝምታ በጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ከጩኸት ይብሳል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ፣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ስልኳ ጮኸ። አንድ መልእክት ገብቷል። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ከፈተችው። ስልኳ ትንሽ ነው፤ ገጹ ላይ ከሁለት መስመር በላይ አይታይም።

«አቶ ይማም ሰዒድ ዛሬ ከጠዋቱ 2፡40 በወግዲ መውጫ አልፈዋል።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሞቱ አይልም፤ አልፈዋል ነው የሚለው፣ በአክብሮት፣ በሰዓቱ፣ በቦታው፣ ማኅተም ብቻ የቀረው ደብዳቤ መስሎ። ወግዲ መውጫ ማለት ደግሞ ለረምዚያ ኬላ አይደለም፤ ገደሉ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በሕልሟ ሲገለበጥ ያየችው መኪና እዚያው ካሰበችው ቦታ ላይ ተገለበጠ። የይማምን ቁጥር መታች። የስልኳ ሴትዮ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም» አለች። ሴትየዋም ሰምታለች ማለት ነው። ረምዚያ ከዚያ ወዲህ ያለውን አታስታውስም። አልታዬ ግን ታስታውሳለች፤ አጥሩን በየት በኩል እንደዘለለች ብቻ ነው የማታውቀው።

«ምነው! ምን ሆንሽ እታለም? ልጆቹ ናቸው?»

«ይማም! አላህ ያግባህ ሳልለው... አልታዬ፣ አኩርፌው ወጣ!»

አልታዬ ስልኩን ተቀብላ ፊደል በፊደል አነበበችና ነጠላዋን ዘቀዘቀች። የአልታዬን ድምፅ መካነ ሰላም ያውቀዋል፤ በክርስቲያኑም በእስላሙም ለቅሶ ሌላው የሚቀበለው እሷ ስታወጣ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፈንታው «የቅሬ ሰው ሆይ! ይማም ሰዒድ፣ የሁላችን ይማም አለፈ!» እያለ ቁልቁል ወረደ። አምስት ሰዓት ላይ ድንኳኑ ከረምዚያ ደጅ ላይ ቆመ፤ አግዳሚው ተደረደረ፤ ንፍሮው ተጣደ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባችው የረምዚያ ሳሎን፣ ዳንቴል ከለበሰው ሶፋዋ የደሴው ጅምላ ነጋዴ እስከ ሰጣት ካሌንደር ሥር ድረስ፣ በሴቶች ተሞላች። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ በሹክሹክታ «ሽንኩርት አሥራ አምስት ብር ገባ አሉ» ትላለች፤ ቀና ብላ ረምዚያን ስታይ መልሳ ታለቅሳለች።

የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙጀሂድ ገብተው «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ጀናዛው የት ነው?»

ማንም አያውቅም። ጀናዛውን የሚያመጣ አይሱዙ ተለመነ፤ አይሱዙው ናፍጣ ሊፈለግለት ሄደ። በዚህ መሀል አንድ ባለባጃጅ ኬላው ድረስ በርሮ ለሰዲቅ ነገረው። ሰዲቅ ማሽኗን እንደበራች፣ ገመዱን መሬት ላይ እንደጣለ፣ አንድ እግሩ ጫማ ሳይኖረው እየሮጠ መጣ። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርስ ወደቀ።

«ወንድም ጋሼ! ሳላናግርህ! ሦስት ሳምንት ሳላናግርህ!»

ሰዉ አዲስ ለቅሶ ጀመረ። ያኮረፈ ወንድም ለቅሶ ከሁሉም ይመራል። ሰዲቅ እየዳኸ ረምዚያ እግር ሥር ደረሰ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጠዋት አይቼዋለሁ። ማን ነገራችሁ? የት ነው የሆነው?»

ረምዚያ ስልኩን ሰጠችው። ሰዲቅ እንባውን በክንዱ ጠርጎ አነበበ። ከዚያ ለቅሶው በመሀል ተቋረጠ፤ ልክ መብራት እንደሄደበት ወፍጮ። አውራ ጣቱን አንዴ ወደ ታች ተጫነ። ስልኩን ቀስ ብሎ ወደ ረምዚያ አዞረው። ያን ጊዜ ነው ያየችው። «ቀሪ ሒሳብ 40 ብር። መልካም ጉዞ።»

«እትዬ...» አለ ሰዲቅ፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ፣ «ይሄንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ገዳዩ አንተ ነህ እንዴ?» ብላ አልታዬ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ማሽኗ ናት! ማለቴ ማሽኗ ትልካለች፣ ቃሉ የኔ ነው። ከደሴ የመጣው «አልፈሃል» ነበር የሚለው። እንዴት አድርጌ ነው ሸህ ሙጀሂድን የሚያህሉ ሰው የሚጓዙበትን መኪና አልፈሃል የምለው? ሰው እየተቆረጠበት ደግሞ አንተ ይባላል? ብዬ በአክብሮት አደረግኩት። ወንድም ጋሼ ደህና ነው! ገመዱን ጣልኩለት፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ አለፈ፣ ወላሂ በደንብ ነው ያለፈው...»

«አለፈ አትበል!» ጮኸች አልታዬ።

ሸህ ሙጀሂድ ጢማቸውን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ አክብሮትህ ሰው ገደለ» አሉ። መጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ ፍርስ ብሎ ሳቀ። ከዚያ አግዳሚው ሁሉ። ፈንታው ብቻ አልሳቀም፤ ጉሮሮውን በእጁ ይዞ «እኔስ? እስከ ገበያው ድረስ ነው የለፈፍኩት» ይላል።

ረምዚያ አልሳቀችም። «ካርድ ከየት አመጣ? ካርድ አላወጣም ብሎ ምሎ የለም ወይ?» አለች። ሰዲቅ አንገቱን ደፋ። ካርዱን ያወጣለት እሱ ራሱ ነው፤ ከመጀመሪያ ደሞዙ። ዝናብ ሲመጣ የድሮው መንገድ እንደሚበላሽ፣ ይማምም አንድ ቀን በኬላው በኩል መምጣቱ እንደማይቀር ያውቃል። ያን ቀን ታርጋውን በገዛ እጁ ከሚፈታ ብሎ ነው። የይማምን ስልክ ቢያስመዘግብ ደግሞ መልእክቱ በደረሰው ሰዓት መጥቶ ካርዱን ሁለት ቦታ ይሰብረዋል፤ ስለዚህ የእሷን ቁጥር አስመዘገበ። ትናንት ማታ ዘነበ፤ ዛሬ ጠዋት ይማም መጣ። ረምዚያ ይህን ስትሰማ የሰዲቅን ጫማ የሌለውን እግር አየችው፤ ጠጠር ወግቶት ይደማል። ሀይፋን ውሃ አምጪ አለቻት። ግን ልቧ ያው የራሷ ልብ ነው።

«በሁለት ከአርባ ደህና ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህስ? ቁልቁለቱ ዝናብ መቶታል። ስልኩ አይሠራም። ሲመለስስ የኬላው ተቆጣጣሪ ታርጋውን እፈታለሁ ቢለውና ቢጣሉ? ቢያስሩትስ?»

ሰዉ ተያየ። አንዳንዱ ሊሄድ ተነሥቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ሸህ ሙጀሂድ ፈረዱ። «መርዶ ተነግሮ የተተከለ ድንኳን በወሬ አይነሣም። ሰውየው ራሱ መጥቶ ያንሣው። እስከዚያ ንፍሮውን አቅርቡ፤ የበሰለ ምን በወጣው።»

እንዲህ ሆኖ ሰባት ሰዓት ላይ አሳምነው መጣ። አሳምነው የኬላው ተቆጣጣሪ ነው፤ ካቻቢቴውን በኮቱ የላይ ኪስ እንደ እስክሪብቶ ይሰካል። የሠራተኛው ወንድም ሞተ ሲባል ለቅሶ አለመድረስ ነውር ነው፣ ደግሞም ደግ ሰው ነው፣ ክፋቱ ለታርጋ ብቻ ነው። አልታዬ ገና ከሩቅ አየችውና ሰዉን ሁሉ በዓይኗ ጠቀሰች። ድንኳኑ በአንድ አፍታ አቀረቀረ። ሰዲቅ ሊናገር አፉን ሲከፍት አልታዬ ጭብጥ ንፍሮ አጎረሰችው። አሳምነው ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰሃን ቀረበለት፤ ዘገነ።

«አላህ ያጽናችሁ» አለ፣ ከልቡ አዝኖ። «ትልቅ ሰው ነበር። ትናንት እንኳ ስለ ታርጋ ክፉ ተነጋግረናል። ባውቅ ኖሮ ታርጋ ቀርቶ ብሎን አልነካበትም ነበር። የሱን ብቻ አይደለም፣ የማንንም።»

«የማንንም?» አሉ ሸህ ሙጀሂድ።

«የማንንም፣ ሸሁ። ምን ዋጋ አለው? ሁላችንም አላፊ ነን።»

«ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል?» ብለው ሸህ ሙጀሂድ ዞር ሲሉ፣ «ሰምተናል!» አለ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ። «እንግዲያው ልጄ፣ ደስ ይበልህ። ይማም አልሞተም።»

አሳምነው የዘገነው ንፍሮ በእጁ እንዳለ ቀረ። መልሶ ሰሃኑ ላይ ቢያደርገው ነውር፣ ቢበላው ቃል። ሰዉን አየ፤ ታርጋቸው ምስማር ላይ የተሰቀለባቸው ሦስቱ ባለባጃጆች ፊት ለፊቱ ጥርሳቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል። «እናንተ ሰዎች ሥራዬን ታስፈቱኛላችሁ» አለና ቃመው። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ፤ ያለፈ ያገደመው «ይማምን ምን ያህል ጠልተውት ነው» ሳይል አልቀረም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ለቅሶ መሆኑ ቀርቶ ሸንጎ ሆነ። ወር ሙሉ በየሻይ ቤቱ ሲጉረመረም የከረመው ሰው አንድ ድንኳን ሥር ተሰብስቦ ያገኘው የዚያን ቀን ነው። ሦስቱ ታርጋዎች ዛሬውኑ እንዲወርዱ፣ ከእንግዲህም ታርጋ እንዳይፈታ አሳምነው ተስማማ። ሕመምተኛና ወፍጮ የሚሄድ እንዳይቆረጥበት፣ ሌላውም በቀን አንዴ ብቻ እንዲቆረጥበት ደሴ ላሉት አለቆቹ እጽፋለሁ አለ። «ካልጻፍክ ፈንታውን እንለቅብሃለን» ተባለ። የቀረው የመልእክቱ ቃል ነበር።

«አልፈዋል ይጥፋ» አሉ ሸህ ሙጀሂድ። «በምን እንተካው?»

«ሄደዋል» አለ አንዱ።

«ሄደ ማለትም ያው ነው» አለች አልታዬ።

«ተሻግረዋል።»

«እሱ ባሰ! መቃብር አስገባኸው!»

ሰዲቅ እጁን አውጥቶ፣ «ኬላው ላይ ቆም ስለሚሉ... አርፈዋል ብለው?» ሲል አግዳሚው ሁሉ ጮኸበት። ሸህ ሙጀሂድ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱብሃነላህ፣ ይህ ቋንቋችን መግደያው ቃል በዛ።»

ያን ጊዜ እስካሁን በሩን በሩን ስታይ የነበረችው ረምዚያ ተናገረች። «ሲወጣ ምንም አትበሉ» አለች። «መውጣቱን ቤት ያለች ሴት ታውቀዋለች። ሲመለስ ብቻ «በሰላም ገብተዋል» በሉ። እኔ የምፈልገው ያችን ቃል ብቻ ነው።» ሰዲቅ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ሳቁ እየሳሳ መጣ። የወግዲ ሚኒባስ በዘጠኝ ተኩል ይመለስ ነበር፤ አልተመለሰም። ሀይፋ አሥር ጊዜ ደወለች፤ ሴትየዋ አሥር ጊዜ ያንኑ አለች። ረምዚያ በልቧ ድንኳኑን መልሳ ለቅሶ አደረገችው፤ ሳቅ ሲበዛ ምን እንደሚከተል እናቷ ነግራታለች። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ከመንገዱ መታጠፊያ የሞተር ድምፅ ተሰማና በድንገት ጠፋ። በር ተወርውሮ ተከፈተ። ከዚያ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ወፍራም ድምፅ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ።

ይማም ነበር። ኬላው ላይ ሲደርስ ሰው የለም፤ ገመዱ መሬት ላይ ወድቋል። ደንግጦ ወደ ቤቱ ሲነዳ ደጁ ላይ የቅሬ ድንኳን ተተክሎ አየ። ቤቱ ውስጥ ያለችው ጠዋት ያኮረፈችው ሚስቱ ናት። ጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለጥፎበት፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እየጎተተ፣ ማንንም ሳያይ ገባ።

«ረምዚያዬ! የኔ ጨረቃ! ታርጋው ይውደቅ፣ መኪናው ይውደቅ፣ ምላሴ ይቆረጥ! ሻይ ቤት ተቀምጬ... ማን ነው ያየሽ? ማን ነው ዓይንሽን የከደነው?»

ረምዚያ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። ይማም አያት። እንባው በጉንጩ ላይ ቆመ። ሰዉን አየ፤ ንፍሮውን አየ፤ እግሩን በጨርቅ የታሰረ ወንድሙን አየ።

«ታዲያ ማን ነው የሞተው?»

«አንተ ነህ» አሉ ሸህ ሙጀሂድ። «ግባና አልቅስ፤ እኛ ጨርሰናል።»

ጭብጨባና እልልታ እስከ ገበያው ተሰማ። ይማም ነገሩን አራት ሰው በአንድ ላይ እየነገረው ተቀመጠ። ያዘገየው ጎማ ነው፤ ጭቃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀርቅሮ ነበር። የካርዱ ነገር ሲነገረው ሰሃኑን አነሣ፤ በሀይፋ በኩል ሳይሆን ራሱ እጁን ዘርግቶ ለሰዲቅ አቀበለው። «ብላ» አለው። «ካርዴ አክስሮህ የለ።» ከዚያ ተነሥቶ የድንኳኑን የመጀመሪያ ካስማ በገዛ እጁ ነቀለ።

ሲመሽ አሳምነውና ሰዲቅ ታርጋዎቹን ለማውረድ ወደ ኬላው ተመለሱ። ሰዉ አግዳሚውን ተሸክሞ ሄደ፤ አልታዬ የተረፈውን ንፍሮ በሳህን ይዛ፣ «እንዲህ ያለ ለቅሶ በየወሩ ይስጠን» እያለች በአጥሩ በኩል ሳይሆን በበሩ ወጣች። ልጆቹ ተኙ። ይማም እግሩን ታጥቦ ሶፋው ላይ ጋደም አለ፤ በመርዶው ሰዓት ያለቀሰለት ማን ማን እንደሆነ እየጠየቀ፣ ያላለቀሱትን በልቡ ይመዘግባል።

ረምዚያ በሩን ልትዘጋ ተነሣች። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ነው የዋለው። መወርወሪያውን ስትይዝ ስልኳ ጮኸ፤ ልቧ ደግሞ እንደ ልማዱ ዘለለ። ይማም ቀና ብሎ አያት። በሩ ላይ ቆማ ከፈተችው።

«አቶ ይማም ሰዒድ ዛሬ ከቀኑ 10፡20 በሰላም ገብተዋል።»

ጣቷን ወደ ታች ተጫነች፤ በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሳታነብ አልተወችም። «ደህና እደሩ፣ እትዬ» ይላል ግርጌው። ሌላ ነገር እንደሌለ አንድ ጊዜ ደግማ ወደ ታች ሄዳ አረጋገጠች። ከዚያ መወርወሪያውን ወረወረች።